ጾምና አለርጂ በመዝናኛ ፓርክ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ ሲወጣ የምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንዱ የጾመኛው ነው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልገባበት ምን ይገኛል? ሌላው አለርጂ ያለበት ሰው ጥያቄ ነው፦ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ወተት ወይም ስንዴ ጨርሶ ያልነካው የትኛው ነው? ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ፤ መልሳቸው ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በኤምሬትስ ፍስክ ያልነካው ምግብ የሚጣፍጠው በሰሊጥ፣ በፒስታቺዮ፣ በካሹና በመሳሰሉት ስለሆነ ጾመኛው በደስታ የሚያነሳው ሳህን አለርጂ ላለበት ሰው ሕይወቱን የሚያሰጋው ሊሆን ይችላል።

የጾሙ ጥያቄ ከወቅቱ ጋር ይያያዛል። በኤምሬትስ ደጅ ለመዋል የሚመቸው ጊዜ ሙቀቱ ከሚበርድበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾምም በየካቲት አካባቢ ተጀምሮ እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። እንግዲህ ጥሩው የፓርክ ወቅት ከሁለቱ ረጃጅም አጽዋማት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። የነሐሴው ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው ጣሪያ ባላቸው ፓርኮችና በውኃ መጫወቻዎች ካልሆነ በቀር መውጣት በማይታሰብበት ሙቀት ነው። የጾም ቀን የሆነው ዓርብም አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የአገሪቱ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብን እስከ ቀትር ብቻ ሲሠሩ ሻርጃ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጋለች። በሻርጃ ሙሉ ቀን የሚያርፍ ቤተሰብ ከዕረፍቱ አንዱን ብዙውን ጊዜ በጾም ያሳልፋል።

ከፓርኮቹ ትልልቆቹ ያሉት ዱባይ ነው። በሼክ ዛይድ መንገድ ወደ አቡ ዳቢ አቅጣጫ ሲኬድ የሚገኘው ዱባይ ፓርክስ ኤንድ ሪዞርትስ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተከፈተ ሲሆን ሞሽንጌትንና ሌጎላንድን ይይዛል፤ የሌጎላንድ የውኃ ፓርክም ከጥቂት ወራት በኋላ ተጨምሯል። አይኤምጂ ወርልድስ ኦፍ አድቬንቸር በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተከፈተ ሲሆን ሙሉ በሙሉ በጣሪያ ሥር ስለሆነ በሙቀቱ ወራትም ይሄዱበታል። በጁሜይራ ባሕር ዳር ዋይልድ ዋዲ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በፓልም ደሴት ላይ አኳቬንቸር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራሉ። በሻርጃ በኻሊድ ሐይቅ ዳር አል ሙንተዛህ አለ፤ በአል ዛይድ አቅራቢያም በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሻርጃ ሳፋሪ ይገኛል። አጅማን ግን ይህን የሚያህል ፓርክ የላትም። ነዋሪዎቿ በባሕሩ ዳርቻና በሕዝብ መናፈሻዎች ይዝናናሉ፤ ለትልቁ ጨዋታ ሻርጃ ወይም ዱባይ ይወርዳሉ።

ለምግብ ነገር ግን ግሎባል ቪሌጅን የሚስተካከል የለም። በ1997 እ.ኤ.አ. በዱባይ ክሪክ ዳር በጥቂት ሱቆች ተጀምሮ ዛሬ የብዙ አገሮች ድንኳኖች የሚሰበሰቡበት የወቅት ገበያና መጫወቻ ሆኗል። የሶርያው ፈላፍል፣ የህንዱ ዶሳ፣ የየመኑ ዳቦና የኤምሬትሱ ሉቀይማት በአንድ ምሽት አንድ ቦታ ይገኛሉ። ጾመኛ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እዚህ ይጠግባል። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እዚህ ይጠንቀቅ፤ ምግቡ የሚሠራው ጠባብ በሆኑ ጊዜያዊ ኪዮስኮች ውስጥ ነው፤ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ጠረጴዛ ለሁሉም ያገለግላሉ።

ጾመኛው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው የፈላፍል ሳንዱችን ነው። አንድ ሳንዱች ተፈትቶ ሲታይ ብዙ ይናገራል። ቂጣው ከስንዴ ነው፤ አንዳንዱ ዳቦ ቤት ሊጡ ውስጥ የወተት ዱቄት ይጨምራል። ፈላፍሉ እንደ ሠሪው አገር ይለያያል፤ ሶርያውያንና ሊባኖሳውያን በሽምብራ፣ ግብፃውያን በባቄላ ይሠሩታል። እንዳይፈርስ የስንዴ ዱቄት የሚጨምሩበት አሉ፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ይነሰነሳል። ነጩ ማባያ ታሂና ከሆነ የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ማባያ ከሆነም አንዳንዶች በእንቁላል ነጭ ወይም በማዮኔዝ ያወፍሩታል። በመጨረሻ የሚጨመረው የድንች ጥብስ ከዶሮ ጋር በአንድ ዘይት የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ፈላፍል ጾም ነው» ማለት ግማሽ እውነት ነው። ታሂና የገባበት፣ ቂጣው ወተት የሌለበት፣ ማዮኔዝ የሌለበትና ለብቻው የተጠበሰ ከሆነ ለጾመኛው ይሆናል። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ግን ታሂናውን አስቀርቶ ብቻ አይድንም።

ሰሊጥን ማወቅ ለዚህ አገር ምግብ ዋናው ነገር ነው። በሑመራና በመተማ የሚመረተው ያው ሰሊጥ በዓረብ ጠረጴዛ ላይ ስሙን እየለወጠ ይቀርባል። ሑሙስ ውስጥ አለ፤ በተጠበሰ ደበርጃን በሚሠራው ሙተበልም አለ፤ ዘዕተር ከሚባለው ቅመም ጋር ተቀላቅሎ መናቂሽ በሚባለው ቂጣ ላይ ይነሰነሳል፤ ሐላዋ ራሱ ሰሊጥ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተፈጥሮ ዓለምን ያዳረሰው «የዱባይ ቸኮሌት» እንኳ በመሙያው ውስጥ ፒስታቺዮ፣ የስንዴ ኩናፋና ታሂና ይይዛል፤ ቸኮሌቱ ራሱም ወተት አለበት። አሜሪካ ሰሊጥን በግዴታ ከሚጻፉ የአለርጂ ምግቦች ዘጠነኛ አድርጋ የደነገገችው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሕጉ የጸናው በ2023 ነው። በሌላ አገር የተዘጋጀ የቆየ ዝርዝር ይዞ «ስምንቱን ጠየቅሁ» የሚል ሰው በዱባይ ዋናውን ዘሎታል።

የህንድ ምግብ ቤቶች ለጾመኛ ሰፊ በር ይከፍታሉ፤ ግን በአንድ ቃል ያሳስታሉ። «ቬጅ» ማለት በህንድ ልማድ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤ ግን ይገቡበታል። የታሸጉ የህንድ ምግቦች ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ የምትታየው አረንጓዴ ነጥብም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ጾም ነው አትልም። ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ስለሚሠራ በዘይት ይጋገር ከተባለ ጥሩ ነው፤ ካልተጠየቀ በጊ ይቀቡታል። ስንዴ የማይስማማውም በዶሳው ብቻ አይዘናጋ፤ ሂንግ የሚባለው ሽታው ኃይለኛ ቅመም ለገበያ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ዶሳው የሚጠቀስበት ሳምባር ውስጥም አይታጣም።

በትልልቆቹ ፓርኮች ውስጥ ምርጫው ይጠብባል። በርገር፣ ፒዛ፣ ዶሮና አይስክሬም ይበዛል። የድንች ጥብስ ለጾመኛ የመጨረሻ መሸሸጊያ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ድንች እንዲንኮሻኮሽ በስንዴ ዱቄት የተለበጠ ነው፤ ዘይቱም ከዶሮው ጋር የጋራ ሊሆን ይችላል። በኩባያ የሚሸጠው በቆሎ ቅቤ ይጨመርበታል፤ ሳይጨመር ስጡኝ ማለት ይቻላል። ሉቀይማት ቦምቦሊኖን የሚያስታውስ ትንንሽ የሊጥ ጥብስ ነው፤ በቴምር ማር ይታጠባል፤ ሰሊጥ ይነሰነስበታል፤ ሊጡን በወተት ወይም በእርጎ የሚያቦኩት አሉ። የልጆች ማኘኪያ ከረሜላ ላይ «ሐላል» የሚል ማኅተም መኖሩ ጀላቲኑ ከሐላል እንስሳ ነው ማለት እንጂ እንስሳ የለበትም ማለት አይደለም።

የእንጀራ ናፍቆት ለሚያንገላታው በዱባይ ዴራ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎች ከፓርክ ሲመለሱ በያይነቱ የሚበሉት እዚያ ነው። ስንዴ የማይስማማው ሰው ግን እንጀራን በስሙ አይመን። ኢትዮጵያ ጤፍ በእህልነት እንዳይወጣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከከለከለች ወዲህ በውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ሆኗል። ጤፍ ግሉተን የለበትም፤ የተደባለቀው እንጀራ ግን ሊኖርበት ይችላል።

መጠጡ ከምግቡ በላይ ያታልላል። የአዲስ አበባ ሰው አቮካዶ ጁስ ሲያዝ የሚመጣለት አቮካዶ፣ ስኳርና ሎሚ ምናልባትም ቪምቶ ነው፤ ስፕሪስ ከሆነም ፍራፍሬው ተደራርቦ ይመጣል። በዱባይና በሻርጃ ጁስ ቤቶች ያው አቮካዶ ከወተት ጋር ይፈጫል፤ ላዩ ላይ ክሬም፣ ማር፣ ፒስታቺዮና ካሹ ይደረደርበታል። በጾም ቀን «አቮካዶ ጁስ» ብሎ ያዘዘ ሰው አንድ ጉንጭ እስኪጎነጭ አያውቅም፤ የካሹ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ያቺ ጉንጭ ትበቃለች። ወተት የሌለበት ከተባለ በኋላም ያው መፍጫ ከፊቱ የሠራው ምን እንደነበር መጠየቅ ይገባል። ከራክ ሻይ በወተት ነው የሚፈላው። የዓረብ ቡና በሄል እንጂ በወተት አይሠራም፤ ለጾመኛ ይሆናል። በካፌዎቹ የሶያ፣ የአጃና የአልሞንድ ወተት ስለሚገኝ የአዲስ አበባውን የጾም ማኪያቶ የለመደ አይቸገርም። ማንፈሻው ቧንቧ ግን የላም ወተት ነክቶት ከሆነ ሳይጠረግ ወደ ሶያው እንዳይገባ መናገር ያስፈልጋል። በከረጢት የሚመጣ «ወተት ያልሆነ» የሚባል የቡና ማንጫ ዱቄትም ካዜኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል። ከሁሉ የሚያስተማምነው ውኃ፣ የሸንኮራ ጭማቂና ከነቅርፊቱ ተቀዶ የሚሰጥ ኮኮናት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. እንደሆነው ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገናኙ ፓርኮቹ ሥራቸውን ወደ ማታ ያዞራሉ፤ እስከ ማታ የሚጾም ክርስቲያን ካለም ከሙስሊሙ ጋር በአንድ ሰዓት ሊቆርስ ይደርሳል። በኢፍጣር ማዕድ ላይ ቴምሩ ለሁሉም ይሆናል። የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ ወይም በቅቤ ተሠርቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ሐሪስ የሚባለው ገንፎ መሰል ምግብ ሥጋም ስንዴም ነው።

ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ትልቁ ሥራ ነው። «ቪጋን» የሚለው ቃል በ1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተፈጠረ ሲሆን ማርን እንኳ ይከለክላል፤ በሜኑ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ለጾመኛ ከበቂ በላይ ነው። በጠባቡ ኪዮስክ ግን ከእሱ የተሻለ ቃል አለ። የግብፅ፣ የሶርያና የሊባኖስ ሰዎች የክርስቲያኖችን የጾም ምግብ «ሲያሚ» ይሉታል፤ ከግእዙ «ጾም» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ግብፃዊ አብሳይ «አክል ሲያሚ» ሲባል ወተትና ቅቤ እንዳይገባ ወዲያው ይገባዋል፤ ኮፕቶች በአንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ስለሚበሉ ግን ዓሣውን ለብቻ መጥቀስ ይሻላል። «አና ሳይም» ማለት ሌላ ነው፤ ምንም አልቀምስም ማለት ነው። ወተት በዓረብኛ ሐሊብ ነው፤ በግእዝም ያው ሐሊብ ስለሆነ አይረሳም። እንቁላል በይድ፣ ቅቤ ዙብዳ፣ የነጠረ ቅቤ ሰምን፣ ስንዴ ቀምሕ፣ ሰሊጥ ሲምሲም ይባላሉ።

ከቃላቱ ሁሉ አደገኛው ለውዝ ነው። በአማርኛ የመንገድ ላይ ሻጭ ከቆሎ ጋር የሚሸጠው ለውዝ ኦቾሎኒ ነው፤ የለውዝ ቅቤም የሚሠራው ከዚያው ነው። በዓረብኛ ለውዝ የሚባለው አልሞንድ ነው። ኦቾሎኒ «ፉል ሱዳኒ» ማለትም የሱዳን ባቄላ ይባላል። እንግዲህ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት እናት «ለውዝ የለበትም?» ብላ ብትጠይቅ አስተናጋጁ አልሞንድ መስሎት በቅን ልቦና «የለም» ሊላት ይችላል። ማንም አልዋሸም፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው ትክክል ናቸው። ስለዚህ ፉል ሱዳኒን በስሙ መጥራት፣ ካልሆነም በስልክ ላይ ፎቶውን ማሳየት ይሻላል። «ሐሳሲያ» የሚለው ቃል አለርጂን ይገልጻል። በአማርኛ «አይስማማኝም» የሚለው አነጋገር ከሆድ መነፋት እስከ ጉሮሮ መዘጋት ያለውን ሁሉ ስለሚጠቀልል ወጥ ቤት ውስጥ ቀሎ ይሰማል፤ «ከበላው ትንፋሹ ይቆማል» ብሎ መናገር ይገባል።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚጠየቀው ጥንቃቄ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በጾም ወራት ድስቱ፣ ማማሰያውና ቢላዋው ተለይቶ የሚቀመጥበት፣ ቅቤ የነካ ዕቃ በደንብ ሳይታጠብ የጾም ወጥ የማይሠራበት ቤት ብዙ ነው። «ተነካክቷል» የሚለው ቃል የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚያስተምሩትን በአንድ ቃል ይዟል። ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። ለጾመኛው የተነካካ ምግብ ሕሊናውን ቢከብደው እንጂ አያሳምመውም፤ አለርጂ ላለበት ግን ማንኪያ ላይ የቀረ ቅባት ወይም በዘይት ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ሊበቃ ይችላል። ዘይቱ ቢፈላም አለርጂ የሚያስነሳውን ፕሮቲን ያስወግዳል ተብሎ አይታመንም። በዚህ የተነሳ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ለወተት ወይም ለእንቁላል አለርጂ ዋስትና አይደለም፤ የሚናገረው ምን እንደተጨመረበት ነው፤ ምን እንደነካው አይናገርም።

የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዱ የምግብ ድርጅት በምግብ ደኅንነት ሠልጥኖ የተመሰከረለት ኃላፊ እንዲኖረው ያስገድዳል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለዚህ ሰው ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ በችኮላ የሚሰጠው መልስ አያስተማምንም። ሰዓቱም ይመረጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች ሲበሉ የምሳው ግርግር አልፎ ወጥ ቤቱ ይረጋጋል፤ አብሳዩም ጓንቱን ቀይሮ፣ አዲስ መጥበሻ አውጥቶ ለመሥራት ፋታ ያገኛል። ይህ ሰዓት አለርጂ ላለበትም ጥሩ ነው። ከጉዞው በፊት ለፓርኩ መጻፍም ይረዳል። ብዙዎቹ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይከለክላሉ፤ ለሕፃናትና ለጤና ምክንያት ግን ለይተው የሚፈቅዱ ስላሉ ፈቃዱን በጽሑፍ፣ ቢቻልም የሐኪም ወረቀት ይዞ መሄድ በር ላይ ከመከራከር ያድናል። እንደ ዛቢል ባሉ የሕዝብ መናፈሻዎች ደግሞ የቤት ምግብ ይዞ ገብቶ ሣር ላይ መብላት የተለመደ ነው። አለርጂው ለከፋ ልጅ ከሁሉ የሚመረጠው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ትኩረት አላገኘም። በፓርኮቹ ውስጥ ልጅ ይዘው ከሚታዩት ሞግዚቶች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ። የአሠሪዎቿ ልጅ አለርጂ ካለበት ቦርሳውን የምትይዘው፣ አይስክሬሙን የምትገዛው፣ ሲያሳክከው መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ምን መብላት እንደሌለበት በምታነበው ቋንቋ በወረቀት ሊጻፍላት፣ ለአለርጂው የሚወጋውን መድኃኒትም በባዶው መለማመጃ እንድትሞክር ሊያሳዩዋት ይገባል፤ ይህ የአሠሪዎቹ ግዴታ ነው። እሷም በጾም ቀን የምትበላው ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ቆማ ልትውል አይገባም፤ ቦርሳው ውስጥ የእሷም ምሳ ቢኖር ልጁም የበለጠ ይጠበቃል።

ብርቱው የአለርጂ ሁኔታ አናፊላክሲስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከተበላ በኋላ በደቂቃዎች፣ አልፎ አልፎም እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል፤ ሽፍታ፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠርና ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ እንደ ኢፒፔን ባለ መወጊያ በጭኑ ውጫዊ ጎን በልብስ ላይም ቢሆን ይወጋል። የማሳከክ ክኒን ይህን አይተካም። መወጊያው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲቀመጥ የተሠራ ስለሆነ በዱባይ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ያበላሸዋል፤ በረዶ ላይ ማስቀመጥም አይገባም። በውኃ ፓርክ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ልጁ ሌላ ጫፍ ላይ ቢጫወት መኖሩ አይጠቅምም፤ ቅርብ ያለ ሰው ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ይያዘው። ከተወጋ በኋላ ሰውየው እግሩ ከፍ ብሎ ይተኛ፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ ተነሥቶ እንዳይራመድ ይከልከል። የአምቡላንስ ቁጥሩ 998 ነው። ቢሻለውም ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ዙር ሊመጣ ይችላልና። ሲሄድ የበላውን ምግብ መጠቅለያ ወይም የተረፈውን ቁራሽ ይዞ ቢሄድ ሐኪሙን ይረዳዋል።